ስንት ቀረን?

ልጄ፣

ጥያቄሽን አንብቤ ስልኬን ደፋሁት። ሐይቅ ዳር፣ በበጋ፣ ከጓደኛሽ ጋር ማራቶን ልትሮጪ ነው። «ቢደክምብኝ ልጠብቀው ወይስ ጥዬው ልሂድ?» አልሽኝ። ምነው ስለ ጫማ በጠየቅሽኝ።

እኔም እንዲህ ያለ ውድድር ከጓደኛዬ ጋር ሮጫለሁ። ያኔ ሐኪም ሆኛለሁ፤ ይህችን ያዢልኝ። ገና ሳይነጋ አውቶቡስ ጭኖ መነሻው ላይ አራገፈን። መነሻና መድረሻው የተለያየ ሩጫ እንዲህ ነው፤ ንብረትሽ ሁሉ 42 ኪሎ ሜትር ማዶ ይጠብቅሻል። ሐይቁ ረግቷል። ብርዱ ያንቀጠቅጣል። «ዛሬማ አየሩ ለእኛ ነው» አለ ጓደኛዬ።

ፀሐይ ወጥታ ሞቀ፤ ሃያውን ኪሎ ሜትር በወሬ ጨረስነው። ነፋሱ ከኋላችን ነበር፤ ደስ አለን። ግን ነፋስ በአንቺው ፍጥነት ከኋላ ሲነፍስ ገላሽን አያገኘውም። ላብሽ ይንጠባጠባል እንጂ አይተንም። ሰውነት የሚቀዘቅዘው ደግሞ ላቡ ሲተን ነው።

የኋላ ነፋስ ካነሳሁ አይቀር፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ኬንያዊው ጄፍሪ ሙታይ ቦስተን ማራቶን ላይ 2:03:02 ገባ። የኃይሌ ገብረሥላሴ የዓለም ሪከርድ 2:03:59 ነበር። የሙታይ ሰዓት ግን ሪከርድ ሆኖ አልጸደቀለትም። መነሻና መድረሻው ከሩጫው ግማሽ በላይ ከተራራቀ፣ ቁልቁለቱም ከበዛ ሕጉ አይቀበልም። ያኔ ለኃይሌ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። አሁን ልጁ ያሳዝነኛል።

28ኛው ላይ መንገዱ ታጠፈና መድረሻው ማዶ ታየ። ውሃ ላይ ርቀት ያታልላል። «ደረስን እኮ!» አልኩ። ገና 14 ኪሎ ሜትር ነበረን፤ መንገዱ ሐይቁን ይዞራል እንጂ አይሻገርም።

ጓደኛዬ «ስንት ቀረን?» አለኝ። ነገርኩት። ትንሽ ቆይቶ «ስንት ቀረን?» አለኝ። ሦስተኛ ሲደግመው ሳቅኩበት። ወደ ሐይቁ በኩል ያዘነብል ጀመር። መንገዱ ስለሚያጋድል ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ። አንድ የሕክምና ተማሪ የሚያውቀውን ነገር ነው የካድኩት። በሙቀት የሚሮጥ ሰው ነገር ከተምታታበት ድካም ብቻ ነው አይባልም። የውስጥ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ አልፎ ይሆናል። ማስቆም፣ እርዳታ መጥራት፣ ወዲያው በቀዝቃዛ ውሃ ማብረድ ነው። ውሃው ደግሞ ሃያ እርምጃ አይርቅም ነበር።

ሰዓቴን አየሁ። ከሦስት ሰዓት ተኩል በታች መግባት እችላለሁ። 31ኛው ላይ «ቀስ እያልክ ና» ብዬው ሄድኩ።

3:28:41 ገባሁ። ሜዳሊያ አጥልቄ ብጠብቀው፣ ብጠብቀው የለም። በኋላ ሕክምና ድንኳን ውስጥ ተጋድሞ አገኘሁት። በረዶ የሞላ ገንዳ ውስጥ ዘፍቀው ነው ያተረፉት። ያስቆመው አንድ የማያውቀው ሯጭ ነው፤ የራሱን ሩጫ ትቶ። የዚያን ሰው ስም እንኳ አልጠየቅኩም። ጓደኛዬ አንድም ቀን አልወቀሰኝም። ለሰው ሲያስተዋውቀኝ «ጎበዝ ሯጭ ነው» ይላል።

ውሃ ጠጪ ብዬ አልመክርሽም፤ ታውቂዋለሽ። ከመጠን በላይ አትጠጪ ግን፤ የደምሽን ጨው ያቀጥነዋል። ሰዓት ላይ አታፍጪ። እኔ ሰከንዱን ሳይቀር ማስታወሴን እንዳላየሽ እለፊው። የዘንድሮ ልጆች ደግሞ ሐይቁንም የምታዩት በስልክ ነው። ያስቆመው ሰው ያኔ እየቀረጸ ቢሆን ኖሮ ብዬ አስባለሁ።

ሩጫ የብቻ ነው፣ ሁሌም የምለው ይሄንን ነው። ጓደኛሽ ደክሞት ብቻ ከሆነ ሂጂ፤ ቢቀየምም ያልፍለታል። መጀመሪያ ግን የት እንዳላችሁ ጠይቂው። መልሱን ቆመሽ ስሚ።

ትናንት ለጓደኛዬ ደውዬ ጥያቄሽን አነበብኩለት። ዝም አለ። ከዚያ «ምን ብለህ መለስክላት?» አለኝ። ገና ነኝ አልኩት።