አንዱ ጠርሙስ በረዶ ሲሠራ አጠገቡ ያለው ለምን ፈሳሽ ሆኖ ያድራል?

ጥያቄው ባጭሩ፦ የመጠጥ ፍሪጅ ውስጥ 24 ግማሽ ሊትር ውሃ ያድራል፣ ዲስፕሌዩ 2 ዲግሪ ይላል፣ ጠዋት ግን አንዳንዴ ሦስቱ አንዳንዴ ስምንቱ በረዶ ሆነው ይገኛሉ። ፈሳሽ የመሰለውም አንስተው ሲያስቀምጡት ከአንገቱ ጀምሮ ወደ ታች ነጭ በነጭ ይሆናል። ቴርሞስታቱ ሁለቴ ተቀይሯል።

ወንድሜ፣ ያቺ "ሲያስቀምጡት" ያልካት ነገር በቃችኝ። ውሃህ ከዜሮ በታች ወርዷል፣ ገና በረዶ አልሠራም እንጂ። ስለዚህ የምጠረጥረው ቅዝቃዜውን የሚለካውን ሴንሰር ነው፣ ቴርሞስታቱን የቀየረው ሰው ከቦታው ነቅሎ በር አካባቢ በፕላስተር ለጥፎት ሄዷል፣ እንዲህ ያለ ሥራ ስንቴ አይቻለሁ መሰለህ! እዛ ሞቅ ያለ አየር ስለሚነካው ኮምፕረሰሩ ቶሎ አይቆምም፣ የኋላው ጠርሙስ −4 ይገባል።

ሶኬቱን ነቅለህ ክፈተው። ብርዱን የሚሠራው ቱቦ፣ ኢቫፖሬተሩ ላይ በረዶ ካለ በካቻቢቴ እንዳትፍቀው፣ ቱቦው ስስ ነው፣ ብዙዎቹ አዳዲስ ፍሪጆች ውስጥ ያለው አር 600 ኤ ጋዝ ደግሞ እሳት ይይዛል።

አሁን ለምን ሦስት፣ ለምን ስምንት? ውሃ ዜሮ ስለደረሰ ብቻ በረዶ አይሠራም፣ መጀመሪያ አንዲት ፍሬ በረዶ መፈጠር አለባት፣ ትንንሾቹ ፍሬዎች እየተሠሩ እየፈረሱ ነው የሚቆዩት፣ ከተወሰነ መጠን ያለፈችው የመጀመሪያዋ ናት ጠርሙሱን ሙሉ ይዛ የምትሄደው። መቼ እንደምትመጣ ደግሞ እጣ ነው። በየደቂቃው እያንዳንዱ ጠርሙስ እጣ ያወጣል በል፣ እስካሁን ስላልወጣለት አሁን ይወጣለታል የሚባል ነገር የለም። በ5 ሰዓት ውስጥ ግማሾቹ በረዶ ከሠሩ 12 ይቀሩሃል፣ በ10 ሰዓት 6፣ በ15 ሰዓት 3፣ ያውም በአማካይ ነው፣ አንድ ሌሊት ከሌላው ይለያያል። ውሃው በበዛ ቁጥር እጣውም ይበዛል፤ ቢግ የሚባል ተመራማሪ በ1953 ባወጣው ጥናት ጠብታዎችን አቀዝቅዞ ትልልቆቹ ቀድመው በረዶ እንደሚሠሩ አሳይቷል። በጣም ንጹህ የሆነ ደቃቅ ጠብታ እስከ −38 አካባቢ ፈሳሽ ሆኖ ይቆያል። ቆሻሻና ጭረት ደግሞ እጣውን ያፋጥኑታል።

ስለዚህ ጠርሙሶቹን ቁጥር ጻፍባቸውና ቦታቸውን በየማታው አቀያይር። ሁሌ አንድ ቦታ ላይ ያለው ከሆነ ብርዱ እዛ ጋ ነው፣ ሁሌ ያው ጠርሙስ ከሆነ ውስጡ የሆነ ነገር አለ፣ በየቀኑ ሌላ ከሆነ እጣ ነው። ከኋላ ደግሞ ብዙ ጨው የሟሟበት ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ቴርሞሜትር ከተህ አሳድር፣ እሱ በረዶ ስለማይሠራ እውነተኛውን ዲግሪ ይነግርሃል።

ሴንሰሩን ወደ ድሮ መያዣው ከመመለስህ በፊት ውሃ ባለው የተፈጨ በረዶ ውስጥ ንከረው፣ ዲስፕሌዩ ዜሮ ማለት አለበት። ካላለ ቀይረው፣ ግን ርካሹን አትግዛ፣ ቶሎ ይዛባል። በረዶው ደግሞ በሩ ተከፍቶ ራሱ ይቅለጥ፣ ካቻቢቴውን አስቀምጠው!