ያገለገለ ቱ ስትሮክ ኳድ በመኪናችሁ ከመቀየራችሁ በፊት

በረዶው መቅለጥ ሲጀምር ዴንቨርና ኦሮራ ካሉ ልጆች የሚደወልልኝ ስልክ ይታወቃል። «ወንድሜ፣ አንድ ባንሺ አግኝቻለሁ። ሰውየው በኮሮላዬ ሊቀይረኝ ነው። ጥሩ ነው?» ባንሺ ያማሃ የሠራው ቱ ስትሮክ ኳድ፣ ማለትም ከመንገድ ውጪ የሚነዳ ባለ አራት ጎማ ሞተር ነው። አስነስተኸዋል ወይ ስለው «ቪዲዮ ልኮልኛል» ይለኛል። ኮምፕሬሽኑ (ፒስተኑ ሲሊንደሩ ውስጥ የሚያምቀው ግፊት) ስንት ነው ስለው ዝም። አብዛኛው የሚደውለው ምክር ፈልጎ አይደለም። ተጨባብጦ ከጨረሰ በኋላ «ደግ አደረግህ» እንድለው ነው።

አልልም። ኑሮዬ እነዚህን ሞተሮች መፍታትና መግጠም ነው። የኛ ልጆች ሥራ የሚሠሩበትን መኪና ሰጥተው ሁለት ቅዳሜ የማይነዳ ብረት ሲረከቡ ማየት ሰልችቶኛል። ስለዚህ በግልጽ ልናገር። ቅር የሚለው ሰው ካለ ይበለው።

መጀመሪያ ዕድሜውን እወቁ። ያማሃ ባንሺን አሜሪካ ውስጥ የሸጠው እ.ኤ.አ. ከ1987 እስከ 2006 ነው። ታናሹ ብላስተርም ከ1988 እስከ 2006 ነው። የሆንዳው ቲአርኤክስ 250 አር በ1989፣ ትልቁ የሱዙኪ 500 ደግሞ በ1990 ቆመ። ከነዚህ «እንደ አዲስ» የሚባል የለም። ሁሉም ተነድቷል፤ አብዛኛው ቢያንስ አንዴ ሞተሩ ወርዷል። ጥያቄው ማን አወረደው፣ ማንስ መልሶ ገጠመው የሚለው ነው።

1. ወረቀት

ሻንሲው ላይ የተመታው ቁጥርና ታይትሉ (የባለቤትነት ወረቀቱ) ላይ ያለው ቁጥር፣ ታይትሉ ላይ ያለው ስምና የሻጩ መታወቂያ አንድ ካልሆኑ ተመለሱ። ቁጥሩ ተሞርዶ ከሆነ ጥያቄም አትጠይቁ። የራሳችሁ መኪና ዕዳ ካለበት ደግሞ ዕዳው ሳያልቅ ለማንም መስጠት አትችሉም።

2. ሞተሩ ቀዝቅዞ ይጠብቃችሁ

ከቤት ሳትወጡ ለሻጩ ደውላችሁ «እስክመጣ እንዳታስነሳው» በሉት። ስትደርሱ ከሰላምታው ቀጥሎ እጃችሁን ሲሊንደሩ ላይ አድርጉ። ሞቆ ካገኛችሁት ሰውየው የደበቀው ነገር አለ። የደከመ ሞተር ሲሞቅ ይነሳል፤ ጉዱ የሚታየው ሲቀዘቅዝ ነው። እስኪቀዘቅዝ ቁጭ ብላችሁ ጠብቁ፤ ወይም ሌላ ቀን ኑ።

ባንሺም ብላስተርም በእግር ተረግጠው የሚነሱ ናቸው። ራሳችሁ ርገጡት። እግራችሁ ላይ የሚገፋ ነገር ሊሰማችሁ ይገባል። መርገጫው ያለ ምንም ትግል ወደ ታች የሚወርድ ከሆነ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) አልቋል ወይም ከዚያ የባሰ ነገር አለ።

ሲነሳ ቢያጨስ አትደንግጡ። ቱ ስትሮክ ዘይት የተቀላቀለበት ቤንዚን የሚጠጣ ሞተር ነው፤ ድሮ አዲስ አበባ ቬስፓ የነዳ ሰው ያውቀዋል። ሲሞቅ ግን ጭሱ መቀነስ አለበት። ነጭ ጭስ እየተንቦለቦለ ከቀጠለ በፍሪዚዮኑ በኩል ያለው ዘይት ማገጃ ጎማ ተበልቶ ሞተሩ የካምቢዮውን ዘይት እየሳበ ሊሆን ይችላል።

በሌላኛው ጎን ያለው ማገጃ ጎማ ሲበላ ደግሞ የሚገባው አየር ነው። ይህን የምታውቁት በጆሯችሁ ነው። ነዳጅ መስጫውን ስትለቁት ድምፁ ወዲያው አይወርድም፤ ከፍ እንዳለ ይንጠለጠላል። ሻጩ «ሚኒሞው ትንሽ ከፍ ብሎ ነው» ይላችኋል። አትመኑት። ቱ ስትሮክ ዘይቱን የሚያገኘው ከቤንዚኑ ጋር ነው። አየር በዝቶ ቤንዚን ሲያንስ ዘይቱም ያንሳል። ፒስተኑ ይግላል፣ ያብጣል፣ ከዚያ ሲሊንደሩን ነክሶ ይቆማል። ይህ የሚሆነው ደግሞ ግቢ ውስጥ ስትሞክሩት አይደለም። ራምፓርት ሬንጅ ተራራ ላይ፣ መኪናችሁ ርቆ ቆሞ፣ ሙሉ ነዳጅ ሰጥታችሁ ስትነዱ ነው።

«ዘይቱን ስንት ለስንት ነው የምትቀላቅለው?» ብላችሁ ጠይቁ። 32 ለ 1 ካለ ለአንድ ጋሎን ቤንዚን 4 አውንስ ዘይት ማለት ነው፤ ያለ ማመንታት ሊነግራችሁ ይገባል። «በግምት ጠብ አደርግበታለሁ» የሚል ሰው ሞተሩንም በግምት ነው የያዘው። ብላስተር ከፋብሪካ ሲወጣ ዘይቱን ራሱ የሚመጥን ፓምፕ አለው፤ ብዙ ሰው ግን ነቅሎታል። ፓምፑ መኖሩን በዓይናችሁ ሳታዩ ንጹሕ ቤንዚን ሞልታችሁ እንዳትነዱ። ጥቂት ማይል ሳትሄዱ ሞተሩን ትቀብሩታላችሁ።

3. መለኪያ ያዙ፣ ካንዴላ አስፈቱ

የኮምፕሬሽን መለኪያ ብርቅ ዕቃ አይደለም። ብዙ የመኪና ዕቃ መሸጫዎች በመያዣ ገንዘብ ያውሳሉ። ካንዴላውን ፍቱና መጀመሪያ እሱን ተመልከቱት። ቡናማ ከሆነ ደህና ነው። ነጭ ከሆነ ሞተሩ ከመጠን በላይ ይግላል። ጫፉ ላይ እንደ ብር የሚያብረቀርቁ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ካያችሁ የፒስተኑ አሉሚኒየም ቀልጦ የተረጨ ነው።

ከዚያ መለኪያውን ግጠሙ፣ ሞተሩን በቁልፉ አጥፉት፣ ነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻው ይዛችሁ መርፌው መውጣት እስኪያቆም ርገጡ። ባንሺ ሁለት ሲሊንደር ስላለው ሁለቱንም ለኩ። በመካከላቸው ከ10 በመቶ በላይ ልዩነት ካለ አንዱ ታሟል።

እዚህ ላይ የዴንቨር ሰው ልብ ይበል። ባሕር ዳርቻ ላይ 120 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) የሚያሳይ ጤነኛ ሞተር፣ እዚህ 1,600 ሜትር ከፍታ ላይ ወደ 100 አካባቢ ይወርዳል። አየሩ ስስ ነው። የአዲስ አበባ አየር ደግሞ ከዚህም ይሳሳል። ይህን የማያውቅ ገዢ ደህናውን ሞተር ያጣጥላል። የሚያውቅ ሻጭ ደግሞ 75 ያሳየውን «ከፍታው ነው» ብሎ ያሸክማችኋል። ካርቡራቶሩም እንዲሁ ነው። ለዴንቨር አየር የተስተካከለ ኳድ ጄቱ (ቤንዚን የሚያሳልፈው ቀዳዳ) ሳይቀየር ወደ ካሊፎርኒያ ከወረደ አየር ይበዛበትና ይቃጠላል። ሎስ አንጀለስ ላለ ዘመዳችሁ የምትገዙ ከሆነ ይህን አስቀድማችሁ ንገሩት።

ጊዜ ካላችሁ ማርሚታውን አስፈቱ። በስፕሪንግ ወይም በጥቂት ብሎን ነው የተያዘው። የስልካችሁን መብራት በጭስ መውጫው ቀዳዳ አስገብታችሁ መርገጫውን በእጅ ቀስ እያደረጋችሁ ግፉት። ፒስተኑ ከፊታችሁ ሲወጣና ሲወርድ ታዩታላችሁ። ገላው ልሙጥ መሆን አለበት። ከላይ ወደ ታች የተሰነጠረ ጭረት ካለና ጥፍራችሁ ከያዘው፣ ያ ሞተር አንዴ ነክሶ ቆሞ ያውቃል። «ሲሊንደሩ ውስጡ ተፍቆ ስንት ጊዜ ሰፍቷል?» ብላችሁም ጠይቁ። የባንሺ ሲሊንደር ከፋብሪካ ሲወጣ 64 ሚሊ ሜትር ነው። በሰፋ ቁጥር ግድግዳው ይሳሳል፤ ማለቂያም አለው።

ሻጩ «ሞተሩ አሁን ነው የተሠራው» ካለ ደረሰኝ ይጠየቃል፤ የአየር ማምለጥ ምርመራም ይጠየቃል። ሞተሩ ተደፍኖ 6 ፒኤስአይ አየር ይሞላና 6 ደቂቃ ይያዛል። አየሩን የማይዝ ከሆነ አዲስ ፒስተን መግጠሙ ዋጋ የለውም፤ ያንኑ ፒስተን ይበላዋል።

4. ሻንሲና እግር

አዲስ የተቀባ ሻንሲ አያስደስታችሁ፤ ቀለሙ ስንጥቅና ብየዳ ይደብቃል። የፊት እግሮቹ የሚያያዙበትን ቦታ በመብራት እዩ። ጎማዎቹን ከመሬት አንስታችሁ ወዝውዙ፤ የሚንቋቋ ከሆነ ኩሽኔታ ነው። የካምቢዮ ዘይቱ ወተት የመሰለ ከሆነ ውሃ ገብቶበታል። ስድስቱንም ማርሽ ነድታችሁ ሞክሩ፤ ነዳጅ ሲሰጠው ከማርሽ የሚወጣ ከሆነ ሞተሩ ተከፍቶ ለሁለት ሊወርድ ነው።

5. ሻጩ የኛ ሰው ሲሆን

ከፈረንጅ ጋር ሲሆን ሁላችንም ጠንቃቆች ነን። የሀገር ልጅ ሲሆን አንደበታችን ይታሰራል። ቤት ያስገባል፣ ቡና ያፈላል፣ የጋራ ዘመድ ይገኛል። ከዚያ በኋላ «ካንዴላውን ፍታልኝ» ማለት እንደ ስድብ ይቆጠራል። እንግዲህ ቅደም ተከተሉን ለውጡት። መጀመሪያ ኳዱ፣ ቀጥሎ ቡናው። ንጹሕ ሰው በመለኪያ አይቀየምም። የተቀየመ ካለ ምክንያቱ ይገባችኋል።

ልውውጥ ሲሆን ደግሞ ስሌት ይጠፋል። ገንዘብ ከኪስ ስለማይወጣ በነፃ የተገኘ ይመስላል። መኪናችሁ ዛሬ በጥሬ ገንዘብ ስንት ያወጣል? ኳዱስ? ሁለቱን ወረቀት ላይ ጻፉና አስተያዩ። ያ ኮሮላ ኤርፖርት የሚያመላልሳችሁ፣ የቤት ኪራይ የሚከፍልላችሁ ከሆነ ደግሞ ለልውውጥ አይቀርብም። አንድ የማውቀው ልጅ ደህናውን መኪና በባንሺ ቀይሮ፣ ባንሺው በሳምንቱ ነክሶ ቆሞበት፣ ሌሊት ሥራ የሚሄደው ሰው እየለመነ ሆነ። ሚስቱ ነፍሰ ጡር ነበረች። እስከ ዛሬ ሳስበው ያንገበግበኛል።

6. ልጃችሁን ይዛችሁ አትሂዱ

አሁን ወደ ዋናው መጣሁ። ወላጆች፣ ስሙኝ።

ልጃችሁን ይዛችሁ ኳድ ልታዩ ስትሄዱ ያን ቀን መመርመር አትችሉም። ልጁ ገና ከመኪናው ሳይወርድ ዓይኑ ያበራል። ሻጩም ያየዋል። «ና፣ ውጣበት» ይለዋል። ከዚህ በኋላ ሞተሩ ቢያንኳኳ፣ ጭሱ ቢያፍን «አይሆንም» የሚል አባት አላየሁም። ሁለት ሥራ የሚሠራ አባት፣ ልጁን በሳምንት አንድ ቀን የሚያይ አባት፣ ያን ፊት ማስከፋት አይችልም። የምትገዙት ኳድ አይደለም፤ የልጁን ይቅርታ ነው። ሻጭ ደግሞ ለይቅርታ ዋጋ አይቀንስም።

ከዚያስ? ባንሺ 347 ሲሲ ነው። ኃይሉ ቀስ ብሎ አይመጣም። ዝቅ ባለ ዙር ላይ የለዘበ ይመስልና ድንገት በአንድ ጊዜ ይመጣል፤ ፊቱን ያነሳል። ዐዋቂ ሰው ይጥላል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር ከ16 ዓመት በታች ያለ ልጅ እነዚህ ላይ ጨርሶ እንዳይወጣ ይመክራል። የሸማቾች ደኅንነት ኮሚሽኑም ከ16 በታች ያለ ልጅ ለዐዋቂ የተሠራ ኳድ እንዳይነዳ ይላል። እኛ ግን የ13 ዓመት ልጅ አስቀምጠን፣ ታናሽ እህቱን ከኋላው አፈናጥጠን፣ ፎቶ አንስተን ሀገር ቤት እንልካለን። ለአንድ ሰው የተሠራ ነው፤ ኋላው የሰው መቀመጫ አይደለም! አያቱ ሀገር ቤት ሆና «ተባረኩ» ትላለች። ምን እንደምታይ አታውቅም።

አንድ ልጅ ትከሻው ተሰብሮ፣ በማሰሪያ ተይዞ ጋራዥ መጣ። የተጣመመውን መሪ ላቃና ነበር። ዐሥራ አራት ዓመቱ ነው። አባቱ ሥራ ስለነበረ ያመጣው አጎቱ ነው። በቀኝ እጁ መፍቻ ያቀብለኛል፣ እኔ እፈታለሁ። የእያንዳንዱን ዕቃ ስም በአማርኛ እነግረዋለሁ፣ ይደግመዋል። አማርኛ አይችልም ተብሎ የሚታማ ልጅ ነው። «አባትህ ስትነዳ ምን ይላል?» አልኩት። «አይቶኝ አያውቅም» አለኝ። ኳዱ ከተገዛ ስምንት ወር ሆኖታል።

አባቶች፣ ይህን ካነበባችሁ በኋላ ምን እንድታደርጉ እንደምፈልግ ልንገራችሁ። ልጃችሁ ገና 14 ከሆነ የሚነዳ ኳድ አትግዙለት። የማይነዳ ግዙ። ሞተሩ የሞተ፣ ወረቀቱ ግን ንጹሕ የሆነ፣ ሻንሲው ያልተሰነጠቀ ብላስተር ፈልጉ። አንድ ሲሊንደር ነው፣ በአየር የሚቀዘቅዝ ነው፣ ራዲያተር የለውም፤ ለጀማሪ ከዚህ የቀለለ አይገኝም። «ሞተሩ አይሠራም» ተብሎ ስለሚሸጥ ዋጋውም እንደዚያው ነው። ጋራዥ አስገቡትና እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሁለታችሁ ፍቱት። ብሎኑን በየላስቲኩ ለዩ፣ በላዩ ላይ ልጁ ይጻፍ፣ በፈለገው ፊደል። ፒስተኑን እሱ ያውጣ፣ ፋሻውን እሱ ይግጠም። ሲሊንደሩን የሚያሰፋ ባለሙያ ቤት አብራችሁ ሂዱ። ፈረቃ መቀየር አይቻልም አትበሉኝ። ለሠርግ ትቀይራላችሁ፣ ለክርስትና ትቀይራላችሁ።

ሁለት ዓመት ቢፈጅ ይፍጅ። ሲያልቅ ልጁ 16 ይሆናል። የሞተሩ ድምፅ ከፍ ብሎ ሲንጠለጠል ያውቀዋል፣ ለአንድ ጋሎን ስንት አውንስ እንደሚገባ ያውቃል፣ ሌላ ሰው ሊሸጥለት ቢመጣ እጁን መጀመሪያ ሲሊንደሩ ላይ ያደርጋል።

ከመንዳቱ በፊት ኤቲቪ ሴፍቲ ኢንስቲትዩት የሚሰጠውን የአነዳድ ትምህርት ሁለታችሁም ተመዝገቡ፤ አባትየው መኪና ውስጥ ተቀምጦ አይጠብቅ። ሄልሜት ያገለገለ አትግዙ፤ አንዴ የወደቀ ሄልሜት ከውጭ ደህና መስሎ ውስጡ ተሰንጥቆ ይሆናል። ሁለት አዲስ ግዙ፣ የዲኦቲ (የአሜሪካ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት) ምልክት ያለበትን፣ ሱቁ ውስጥ ጭንቅላታችሁ ላይ አድርጋችሁ እየለካችሁ።