ፍሬው ቁልቁል ያለውን በርበሬ አትንቀዪው

እህቴ፣ ቅጠሉ ወይን ጠጅ፣ ፍሬው ወደ ላይ የቆመ የጌጥ በርበሬ ዘርሽ ከበቀሉት 9 ችግኞች አምስቱ ቅጠላቸው ደብዝዞ፣ ፍሬያቸውም ቁልቁል ስለተንጠለጠለ «ዘሩ ተበላሽቶ ነው? ልንቀላቸው?» ብለሽ ጠይቀሻል። እባክሽ ተያቸው። እኔ ነቅዬ የተጸጸትኩ ሰው ነኝ።

ዘሩ አልተበላሸም፤ ንብ ገብታበታለች። በርበሬ በአብዛኛው ራሱን በራሱ ቢያዳቅልም፣ የጎረቤት ቃሪያ አጠገቡ ካበበ ንብ ዝም አትልም። የፍሬው መንጠልጠል አባትየውን ያጋልጣል፦ የመንጠልጠል ባሕርይ ገዢ ነው፣ ከአንዱ ወላጅ ብቻ ቢመጣም ይታያል፤ የመቆም ባሕርይ ግን ከእናትም ከአባትም ካልመጣ አይታይም።

እኔ ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ሰፈር ባለው ግቢዬ ሆን ብዬ ነበር ያዳቀልኩት። ጠዋት፣ በማግስቱ ሊፈነዳ የደረሰ የጌጥ በርበሬ እምቡጥ በወረንጦ ከፍቼ ወንዴዎቹን ብናኛቸው ሳይወጣ ለቀምኩ። የወጥ በርበሬ ወንዴ በሴቴዋ ጫፍ ላይ አሸሁ፣ በቀይ ክር ምልክት አሰርኩ፣ በአሮጌ አጎበር ቁራጭ ሸፈንኩ። ከዚያ ፍሬ ዘር የበቀሉት ሁሉ ግን ፍሬያቸውን አንጠልጥለው መጡ። ተናድጄ ነቀልኳቸው። አንዱ ብቻ ከውኃው በርሜል ጀርባ፣ በተቆረጠ የዘይት ጀሪካን ውስጥ ተረስቶ ተረፈ። የእሱን ዘር ብዘራ ከ26ቱ 7ቱ ፍሬያቸውን እንደ ጧፍ አቁመው ብቅ አሉ! በዚያ ላይ ገዝቼ ያመጣሁት የጌጥ በርበሬ በሐምሌ ዝናብ ሥሩ በስብሶ ሲሞት፣ እነዚህ ክረምቱን ተሻግረዋል። የወጥ በርበሬ ደም ይመስለኛል።

ስለዚህ ከአምስቱ ጠንካራውን ምረጪና እምቡጡ ሳይፈነዳ በአጎበር ሸፍኚው። በልጆቹ ላይ የቆመ ፍሬ ከ4 አንዱ ይደርሰዋል፤ ጥልቅ ወይን ጠጅ ቅጠልም እንደዚሁ ከ4 አንዱ ገደማ ነው። ሁለቱ በአንድ ተክል ላይ የሚገናኙት እንግዲህ ከ16 አንዴ ነው። 16 ብቻ ዘርተሽ ባዶ እጅሽን ልትቀሪ ትችያለሽ፤ ወደ 50 ዝሪ። ቦታ አይጨነቅሽ፣ የቅጠሉ ቀለም በችግኝነቱ ስለሚለይ ሁሉንም በአንድ ሳፋ አብቅለሽ በጣም የጠቆሩትን ብቻ ታዛውሪያለሽ። የፍሬውን አቋም ግን ሳያፈራ አትፍረጂበት።

ዘሩን ስታወጪ ጓንት አድርጊ። የእኔ ዓይን አንድ ቅዳሜ ሙሉ ሲያለቅስ ውሏል።