ሐረጎን ይወጣ ነበር ወይ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ከኮምቦልቻ ደሴ የምመላለስ የሚኒባስ ሹፌር ነኝ። ባለፈው ሳምንት አንድ የኤሌክትሪክ መኪና ያለ አንዳች ድምፅ ቀድሞኝ የሐረጎን ዳገት ወጣ። መናኸሪያ ገብቼ ሳወራ አንድ አዛውንት፣ «ይሄ እኮ አዲስ አይደለም፤ የቤንዚኑ ታላቅ ነው» አሉኝ። እውነት ነው? ከሆነስ የት ጠፍቶ ከረመ? የዚያን ጊዜውስ ሐረጎን ይወጣ ነበር?

መልስ፦ አዛውንቱ ልክ ናቸው። ዘመኑን በፈረንጆች ልቁጠርልህና፣ ፈረንሳዊው ጉስታቭ ትሩቬ በባትሪ የሚሄድ ባለ ሦስት እግር ተሽከርካሪ ፓሪስ ውስጥ የነዳው በ1881 ነው። ካርል ቤንዝ ለቤንዚን መኪናው የፈጠራ መብት የጠየቀው ከዚያ በኋላ፣ በ1886። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትርን መጀመሪያ ያለፈውም የኤሌክትሪክ መኪና ነበር፤ ቤልጅጋዊው ካሚል ዠናትዚ በ1899 የነዳት፣ ጥይት የምትመስል መኪና። ስሟም «በቃኝ የማታውቀው» እንደማለት ነው።

አሜሪካ ውስጥ ክሊቭላንድ ላይ ቤከር፣ ዲትሮይት ላይ ደግሞ ዲትሮይት ኤሌክትሪክ የሚባሉ ኩባንያዎች የኤሌክትሪክ መኪና ይሠሩ ነበር። የኋለኛው ከ1907 ጀምሮ 13,000 ያህል መኪና አውጥቷል። ክብ መሪ እንኳ አልነበረውም፤ እንደ ጀልባ በዘንግ ነበር የሚታጠፈው። የሄንሪ ፎርድ ባለቤት ወይዘሮ ክላራ የባላቸው ፋብሪካ መኪና እንደ ቆሎ እያፈሰሰ፣ እሳቸው ይነዱ የነበረው ይህንኑ ዲትሮይት ኤሌክትሪክ ነው። ለምን መሰለህ? ማኖቬላ፣ ማለትም ሞተር ለማስነሳት በእጅ የሚዞር ብረት፣ ስለሌለው።

አንተ ማኖቬላ አልደረሰብህም። እኔ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ጋራዥ ስገባ አለቃዬ መጀመሪያ ያስተማሩኝ የአውራ ጣትን ቦታ ነው፦ ከአራቱ ጣቶች ጋር በአንድ ወገን፣ ብረቱን ሳይከብ። አንድ ጠዋት ዘንግቼ እንደ ዶማ እጀታ ጨበጥኩት። ሞተሩ ወደ ኋላ ሲመልሰው አንጓዬ ዞረ፤ ሁለት ሳምንት እናቴ እያጎረሰችኝ ከረምኩ።

እንግዲህ ቻርልስ ኬተሪንግ የሚባል መሐንዲስ ሞቶሪኖን፣ ሞተሩን በእጅ ፋንታ በባትሪ የሚያስነሳውን፣ ሠራና በ1912 ሞዴል ካዲላክ ላይ ተገጠመ። ማኖቬላ ቀረ፤ የኤሌክትሪክ መኪናም ዋና ብልጫው አብሮ ሄደ። ዕድሜ ልኬን ስፈታና ስገጥም የኖርኩት ሞቶሪኖ ራሱ ኤሌክትሪክ ሞተር መሆኑ እስካሁን ያስቀኛል፤ የገዛ ወንድሙን ገበያ ዘጋበት። በእርግጥ ብቻውን አይደለም። የፎርድ መኪና ዋጋ በየዓመቱ ይረክስ ነበር፤ ቤንዚንም በጣሳ ተይዞ ገጠር ይገባል፣ ኤሌክትሪክ ግን ከከተማ አይወጣም።

ወደ ሐረጎ ልመለስ። ከኮምቦልቻ ደሴ ሽቅቡ 600 ሜትር ገደማ ነው። 1,500 ኪሎ የሚመዝን መኪና ያን ያህል ከፍ ለማድረግ ብቻ፣ የጎማውና የነፋሱ ትግል ሳይቆጠር፣ 2.5 ኪሎዋት ሰዓት ይፈልጋል። የዚያ ዘመን የእርሳስ ባትሪ ይህን ለመያዝ ቢያንስ 100 ኪሎ መመዘን አለበት፤ ለዛሬው የሊቲየም ባትሪ 20 ኪሎ ይበቃዋል። ስለዚህ ይወጣ ነበር እልሃለሁ፤ ግን በዝግታ፣ ከኋላው አንተን ጥሩንባ እያስነፋ።

ቁልቁለቱ ላይ ግን አትፎካከረው። አንተ የፍሬን ሽታ ይዘህ ኮምቦልቻ ስትገባ፣ ያ የቀደመህ መኪና በዚያው መንገድ፣ ጎማው ሞተሩን እያዞረ ኤሌክትሪክ ሲያመነጭለት፣ ባትሪውን እየሞላ ይወርዳል።