«የባሕር ወለል» ላዩ ነው ወይስ ታቹ?

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,840 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች ብዬ አስተምራለሁ። አሁን ደግሞ የምርምር መርከብ የባሕር ወለል ደለልን በሶናር (ድምፅ ልኮ ማሚቶውን በሚቀበል መሣሪያ) እንዴት እንደሚያጠና ለተማሪዎቼ እየጻፍኩ ነው። አንድ ቃል ለላዩም ለታቹም ይሆናል? «ደለል» ማለቴስ ልክ ነው?

መልስ፦ አይሆንም። ላዩ ጠለል፣ ታቹ ወለል ነው። ቀይ ባሕር በጥልቁ ቦታው 3,000 ሜትር ያህል ስለሚወርድ፣ ቃሉን እንደ ፍቺው ከወሰድነው ደብረ ብርሃን ከዚያ ወለል 5,800 ሜትር ከፍ ልትል ነው።

ጠለል «ጠለለ» ከሚለው ግስ የወጣ ነው። ጠላ በጋን ሲቆይ አተላው ይዘቅጣል፣ ላዩ ጠልሎ ይቀራል። በግእዝ «ጸለለ» ተንሳፈፈ፣ ጠራ ማለት ነው፤ ጸጉር ጠጉር እንደሆነ ሁሉ ጸ ወደ ጠ ዞሯል። ከጤዛው «ጠል» ጋር የሚያዛምዱት ሥሩን ስተዋል። ወለል ግን የቤት ነው፤ በእበት የሚለቀለቀው፣ እግር የሚቆምበት።

«ወለል አለ» ማለት ተንጣለለ ነውና የባሕር ገጽም ወለል ይባል የሚሉ አሉ። ከጣርማበር ቁልቁል ሲያዩ ቆላው ወለል ብሎ ይታያል፤ ታዲያ ቆላውን «ወለል» ብሎ የሰየመ አለ? ሆኖም መማሪያ መጻሕፍትና ዜና «ከባሕር ወለል በላይ»ን አጽንተውታል። ስለ ከፍታ ብቻ ሲነገር «በላይ» የሚለው ቃል ስለሚያድነው ሳልወድ እቀበለዋለሁ።

በእርስዎ ጽሑፍ ግን መለየቱ ግድ ነው፤ የሶናር ሥራ ያለው በሁለቱ መካከል ነውና። ድምፅ በባሕር ውሃ በሰከንድ 1,500 ሜትር ያህል ይጓዛል። ማሚቶው በ4 ሰከንድ ከተመለሰ ለሁለት ተካፍሎ 3,000 ሜትር ይሆናል። ይህ ግን ከመርከቡ ሆድ የተለካ ነው፤ መሣሪያው ከጠለሉ በታች ያለበት ጥልቀት ይደመርበታል፣ ማዕበል መርከቡን ያነሣውና የጣለውም ይታረማል። የድምፅ ፍጥነት በሙቀትና በጨዋማነት ስለሚለዋወጥ የፍጥነቱ መለኪያ ወደ ውሃው እየወረደ ካልታየ፣ ወደ ጎን የሚላኩት የድምፅ ጨረሮች ጠፍጣፋውን ወለል ዳር ዳሩን ጎባጣ ያስመስሉታል።

ከወለሉ በታች የተነባበረውን ለማየት ዝቅተኛ ድግግሞሽ ያለው (ወፍራም) ድምፅ ያስፈልጋል፤ የተለመደው 3.5 ኪሎኸርዝ ነው። ለስላሳ ጭቃ ውስጥ አሥር ሃያ ሜትር፣ ከዚያም በላይ ይዘልቃል፤ ጠጠርና ጠንካራ አሸዋማ ንጣፍ ግን ቶሎ ይመልሰዋል። ጋዝ ያመቀ ጭቃም ከሥሩ ያለውን ይጋርዳል። ስለዚህ ከባድ ቧንቧ ወርዶ ጭቃው ውስጥ ይሰካና ናሙና ይወጣል።

ደለል ወንዝና ጎርፍ አምጥቶ የሚያስተኛው ነው፤ ጀማ ከሰሜን ሸዋ አጥቦ ወደ ዓባይ እንደሚያወርደው። ጥልቅ ባሕር ውስጥ ግን ጎርፍ ያላመጣው፣ ከላይ እንደ ካፊያ የሚወርድ የጥቃቅን ፍጥረታት ዛጎልም ይከማቻል። በማስረጃ ከሄድን «ከዘቀጠ» የመጣው «ዝቃጭ» ይበልጣል። እኔ ግን ደለልን አልለቅም፤ ዝቃጭ የስድብ ቃል ሆኖ ረክሷል፣ ደለል ግን አፈር አፈር ይላል።

እንዲህ ብለው ይጻፉ፦ «መርከቡ ከጠለሉ 3,000 ሜትር ዝቅ ብሎ ያለውን የባሕር ወለልና በላዩ የተኛውን ደለል በሶናር ያጠናል።»