ካርዶቹ ለምን አነሱብኝ?

ጥያቄ፦ ውድ አዘጋጅ፣ በልጅነቴ አዘዞ፣ ጎረቤት ቤት ተሰብስበን በሲዲ ከምናያቸው ሁሉ አብልጬ የምወደው «ካርድካፕተር ሳኩራ» የተባለውን የጃፓን ታሪክ ነበር። በቅርቡ እህቴ ከውጭ አገር በሥዕል የተተረከውን መጽሐፉን ለዘጠኝ ዓመቷ ልጄ ላከችላት። ልጄ እንደኛ መጻሕፍት ከግራ ገልጣ መጨረሻውን ቀድማ አየችው፤ የባለታሪኳን የሳኩራን ዓይንም «የደብረ ብርሃን ሥላሴን መላእክት ይመስላል» አለችኝ። እኔ ግን ሳነበው ሳኩራ የምትሰበስባቸው የአስማት ካርዶች አነሱብኝ። ትዝታዬ ነው የከዳኝ? ለልጄስ ይሆናታል?
እናት፣ ከጎንደር

መልስ፦ እመቤቴ፣ ትዝታዎ አልከዳዎትም። ክላምፕ የተባለው የአራት ሴቶች ቡድን ታሪኩን እ.ኤ.አ. ከ1996 እስከ 2000 «ናካዮሺ» በተሰኘው የልጃገረዶች መጽሔት በተከታታይ አውጥቶ በ12 ቅጽ የፈጸመው ሲሆን፣ በዚያ ያሉት፣ ክሎው የተባለ አስማተኛ የሠራቸው ካርዶች 19 ብቻ ናቸው፤ እርስዎ ያዩት ግን 70 ክፍል ያለው የካርቱን ፊልም በመሆኑ፣ ለየሳምንቱ የሚበቃ ጀብዱ እንዲገኝ ካርዶቹ ወደ 52 ከፍ ብለዋል። የጃፓን መጽሐፍ ከቀኝ ስለሚከፈት፣ ልጅዎ ለእኛ የኋላ ከሚመስለው ሽፋን ትጀምር፤ በየገጹም ከላይ ከቀኝ ጥግ ተነሥታ ወደ ግራ ትውረድ።

ዳግም ሳነበው እኔን የያዘኝ ከአስማቱ ይልቅ ቤቱ ነው። እናቷ የሞተችባት የአሥር ዓመቷ ሳኩራ ጠዋት ወደ ገበታ ስትቀርብ፣ በፎቶ ላይ ያለችውን እናቷን ሰላም ትላለች፤ አባትና ወንድሟም ማድ ቤት ገብተው ያበስላሉ (ይህንን ገጽ ለልጅዎ አባት ቢያሳዩት አይከፋም)። ሐዘኑ ሳይጮህ በቤቱ ውስጥ መኖሩን ልጅ ሳለን አናስተውለውም።

አንድ ነገር ግን በዝምታ አላልፍም። በመጽሐፉ የሳኩራ የክፍል ጓደኛ ሪካ፣ ገና የአራተኛ ክፍል ተማሪ ሆና ሳለ፣ ከመምህሯ ጋር የፍቅር ግንኙነት እንዳላት፣ ቀለበትም እንደሰጣት ተደርጎ ያማረ ነገር መስሎ ቀርቧል፤ ፊልሙ ይህን ስላለዘበው አያስታውሱት ይሆናል። ዘመኑ ነው ብዬ ላስተባብል አልችልም፣ ነውር ነው። መጽሐፉን አይንሷት፤ ይልቁን አብረዋት ያንብቡ፤ እዚያ ገጽ ላይ ሲደርሱም መምህር ለተማሪው እንዲህ ያለ ነገር ቢያደርግ ጥፋቱ የእሱ እንደሆነ፣ ሳትፈራም ለእርስዎ መንገር እንዳለባት ሳያድበሰብሱ ይንገሯት።

እ.ኤ.አ. በ2016 የተጀመረው «ክሊር ካርድ» የተባለው ተከታይ ሳኩራን የመለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪ አድርጎ የሚቀጥል በመሆኑ፣ እህትዎ ሌላ የሚልኩ ከሆነ አስቀድመው 12ቱን ቅጾች ያሟሉላት።