ማውሴ ለምን ይዘላል?

ጥያቄ፦ ዶንግል (ኮምፒውተሩ ላይ የሚሰካ ትንሽ የሲግናል መቀበያ) ያለው ገመድ አልባ ማውስ እጠቀማለሁ። ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ስሰካ ቀስቱ ይንቀረፈፋል፣ ይዘላል። ባትሪ ብቀይርም ያው ነው። ብሉቱዝ ልግዛ ወይስ ወደ ባለ ገመድ ልመለስ?

መልስ፦ ማውስዎ ደህና ይመስላል፤ የሚረብሸው ሃርድ ዲስኩ ነው። ዲስኩ የሚሰካበት ዩኤስቢ 3 (ፈጣኑ የዩኤስቢ ዓይነት) ፋይል ሲያስተላልፍ በ2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ የሬዲዮ ረብሻ ይፈጥራል፤ ዶንግሉም የሚሠራው እዚያው ላይ ነው። ጎን ለጎን ከተሰኩ የማውሱ ደካማ ሲግናል ይዋጣል። መጀመሪያ ዶንግሉን ወደ ላፕቶፑ ሌላኛው ጎን ያዛውሩት። ካልበቃ አንድ ሜትር የዩኤስቢ ማራዘሚያ ገዝተው ዶንግሉን ማውሱ አጠገብ ያድርጉት። አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ በዚህ ያልቃል፣ አዲስ ማውስም አያስፈልግም።

ብሉቱዝ የዩኤስቢ ቀዳዳ ያተርፍልዎታል፤ ግን እሱም 2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ስለሆነ ከረብሻው ሙሉ በሙሉ አያመልጥም። ሳይነካ ከቆየ ይተኛል፣ ሲነቃም አፍታ ይፈጃል። ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈት የኮምፒውተሩ ማስተካከያ ገጽ) ውስጥ ወይም ዊንዶውስ ሲጭኑ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አይሠራም። ለቢሮ ሥራ ግን ምንም አይልም። ከገዙ ብሉቱዝም ዶንግልም ያለውን ይምረጡ።

ባለ ገመዱ ባትሪም ረብሻም አያውቅም፤ ለጌም ገንዘብዎን እሱ ላይ ቢያውሉ ይሻላል። ችግሩ ገመዱ ከማውሱ በሚወጣበት ቦታ መበጠሱ ነው፤ ሲያስቀምጡት ማውሱ ላይ አጥብቀው አይጠምጥሙት።

የርካሽ ማውስ ዶንግል ከጠፋ ምትክ ማግኘት ይከብዳል። የሎጂቴክ ዩኒፋይንግ ዶንግል ግን ለብቻው ይሸጣል፣ እስከ 6 መሣሪያም ያገናኛል።